የቤይንብሪጅ ፌሪ ላይ በግራ በኩል ቁሙ

ሲያትል ላላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ሰመር ላይ እናት ወይ አባት ከአገር ቤት አስመጥታችሁ «ዛሬስ የት ልውሰዳቸው» እያላችሁ ለምትጨነቁ ሰዎች መልሱን ልንገራችሁ፣ የቤይንብሪጅ ፌሪ ነው፣ ከሲያትል ወደ ቤይንብሪጅ ደሴት ሰውና መኪና የሚያሻግረው መርከብ። በቃ። እማዬን ሞል ወሰድኳት፣ ሰለቻት። ፏፏቴ ወሰድኳት፣ «ጢስ ዓባይን ሳላይ የሰው አገር ፏፏቴ» ብላ አኮረፈች። ከተማውን ከላይ የሚያሳይ ፎቅ ላይ ላወጣት ስል የቲኬቱን ዋጋ በብር መታ አገኘችውና «በዚህ ብርማ ቆርቆሮ አስለውጥበታለሁ» ብላ ከበሩ መለሰችኝ። ፌሪውን ግን ወደደችው፣ እስካሁን ታወራለች። የምታወራው ግን ስለ መርከቡ አይደለም፣ ስለ አሳ ጉበት ነው። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ አገልግሎቱን ልጨርስ፣ ሪቪው ነው የምጽፈው ለነገሩ። እኛ ከሬኒየር ቢች በላይት ሬል ተነስተን ፓዮኒር ስኩዌር ወረድን፣ ከዛ ቁልቁለቱን በእግር ወደ ፒር 52 ነው፣ ኮልማን ዶክ ይሉታል። ሲወርዱ ምንም አይልም፣ ሲመለሱ ግን ዳገት ነው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ከያዛችሁ አስቡበት። በእግሩ ለሚገባ ሰው ዋጋው አስር ዶላር አካባቢ ነው፣ እሱም የሚከፈለው ከሲያትል ሲወጣ ብቻ ነው፣ መመለሻውን ማንም አይጠይቃችሁም። 65 ዓመትና ከዛ በላይ የሆነ ሰው መታወቂያ ካሳየ በግማሽ ነው፣ 18 ዓመትና ከዛ በታች ደግሞ በነጻ፣ ስለዚህ አራት ልጅ ያለው ሰው ለራሱና ለሚስቱ ብቻ ከፍሎ ቤተሰቡን ባህር ላይ ያንሸራሽራል ማለት ነው፣ እዚህ ከተማ ውስጥ በዚህ ዋጋ ሌላ ምን አለ እስቲ ንገሩኝ። መኪና ይዞ ለሚገባ ዋጋውም ሰልፉም ሌላ ነው፣ እኔ በእግር ነው የምመክረው።

መንገዱ 35 ደቂቃ ነው። መርከቡ ትልቅ ነገር ነው፣ ርዝመቱ 140 ሜትር ነው፣ ሆዱ ውስጥ 202 መኪና ይይዛል፣ ሰው ደግሞ በሺህ የሚቆጠር። እማዬ መኪኖቹ ሲገቡ ከላይ ሆና ቆጥራ ቆጥራ «ይሄ ሁሉ ብረት ተጭኖበት እንዴት አይሰምጥም» ብላ አማተበች። ጣና ላይ እንኳን በታንኳ ወጥታ የማታውቅ ሴትዮ ናት። ውስጡ ንጹህ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ጠረጴዛዎቹ ላይ ሰው ጀምሮ የተወው የሚገጣጠም ስዕል፣ ፓዝል የሚሉት፣ ተበትኖ ታገኛላችሁ፣ የመጣው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ገጥሞ ይወርዳል። እማዬም ሁለት ቁራጭ ገጠመችና ስንወርድ «ጨርሼው ብንሄድ» አለች። ምግብ አለ ላይኛው ፎቅ፣ ለኛ ግን ፍልሰታ ነበር፣ እሷ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት (በኛ አቆጣጠር) ውሃ እንኳን አትቀምስም። ቆሎና ሽሮ ፍርፍር በሳህን አስራ ይዛለች፣ ለማታ። ጃኬት ያዙ፣ ነሐሴም ቢሆን ደጅ ላይ ነፋሱ ይቆርጣል፣ እማዬ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ ነው የቆመችው፣ አንድ ፈረንጅ ፎቶ ላንሳሽ ብሏት እሺ ብላ ቀጥ አለችለት።

አብሮን የእህቴ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ነው የሚማረው፣ የአሳ ሳይንስ። እማዬ መጀመሪያ ስትሰማ «አሳ ለመማር ነው እናትህ አሜሪካ የወለደችህ» ነበር ያለችው፣ ሐኪም ይሆናል ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ነበር መሰለኝ። ልጁ እዚህ ነው የተወለደው፣ አማርኛው ይሰባበራል፣ ግን ይሞክራል፣ እና ይሄን ጉዞ ከሽርሽር ወደ ሌላ ነገር የቀየረው እሱ ነው።

ፌሪው ወደ ደሴቲቱ ወደብ ወደ ኢግል ሃርበር ሲጠጋ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰው ሁሉ ያኔ ወደ ኋላ ዞሮ የሲያትልን ፎቆችና ማውንት ሬኒየርን ፎቶ ያነሳል። እናንተ ወደ ፊት ሂዱና በግራ በኩል ቁሙ። ወደ ውሃው ሾጠጥ ብሎ የገባ ዝቅ ያለ መሬት ታያላችሁ፣ ዳር ዳሩን የብረት ግድግዳ የተተከለለት፣ ዙሪያው ያለው ሁሉ ጫካና ውድ ውድ ቤት ሆኖ እሱ ብቻ ራሰ በራ። ቢል ፖይንት ይባላል። እኔ ከዚህ በፊት ቢያንስ ስድስት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ፣ የኮንስትራክሽን ቦታ ነበር የሚመስለኝ። ልጁ «አጎቴ፣ ፊልድ ትሪፕ የመጣነው እዚህ ነው» አለኝ።

እዛ ቦታ ላይ በፈረንጅ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እስከ 1988 ድረስ እንጨት የሚነከርበት ፋብሪካ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ዊኮፍ የሚባል ኩባንያ የያዘው። እንጨቱ የሚነከረው ክሪዮሶት በሚባል ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጥቁር ዘይት ነው፣ የሬንጅ የቅርብ ዘመድ በሉት። የስልክ እንጨት፣ የባቡር ሐዲድ ስር የሚነጠፍ እንጨት፣ ባህር ውስጥ የሚተከል የወደብ ምሰሶ ሁሉ እሱን ካልጠጣ ይበሰብሳል ወይ ትል ይበላዋል። ችግሩ እንጨቱ ጠጥቶ የተረፈው ነው። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ መሬቱ ውስጥ ሰረገ፣ ከመሬቱ ደግሞ ወደ ባህሩ ወለል። ክሪዮሶት ከውሃ ይከብዳል፣ ስለዚህ እንደ ናፍጣ ላይ ተንሳፎ ቀስተ ደመና አይሰራም፣ ዝም ብሎ ወርዶ ጭቃው ውስጥ ይገባል። ከላይ የሚያየው ሰው ውሃው አረንጓዴ፣ ንጹህ፣ ጀልባ የሞላበት ነው የሚመስለው። አሁንም እንደዛው ነው የሚመስለው።

ጭቃው ላይ ማን ይተኛል መሰላችሁ፣ ኢንግሊሽ ሶል የምትባል አሳ። ስሟ ኢንግሊሽ ይበል እንጂ እንግሊዝን አይታ አታውቅም፣ እዚሁ የአሜሪካ የፓሲፊክ ዳርቻ ልጅ ናት። ልጁ በስልኩ ፎቶዋን ሲያሳየን እማዬ «እንጀራ ናት» አለች፣ እውነቷን ነው፣ ጠፍጣፋ፣ ከላይ የጭቃ መልክ፣ ከስር ነጭ። ስትፈለፈል እንደ ማንኛውም አሳ ቀጥ ብላ ነው የምትዋኘው፣ ዓይኖቿም ግራና ቀኝ ናቸው፣ ትንሽ ቆይቶ ግን የግራ ዓይኗ ቀስ እያለ በአናቷ ላይ ዞሮ ቀኝ ዓይኗ አጠገብ ይመጣና በቃ በጎኗ ተጋድማ ቀሪ ዕድሜዋን ጭቃ ላይ ትኖራለች። የምትበላውም ጭቃ ውስጥ ያለውን ትልና ትንንሽ ክላም፣ ዛጎል ውስጥ የሚኖረውን፣ ነው። ማለትም ጭቃው አልጋዋም ጓዳዋም ነው። ጭቃው ላይ ያለ ነገር ሁሉ እሷ ውስጥ አለ።

ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ሞንትሌክ የሚባለው ጋ የፌዴራሉ የአሳ ምርምር ማዕከል አለ፣ የኖኣ ነው፣ የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት። የዛ ሰዎች ከ1983 እስከ 1986 ባለው ጊዜ ኢግል ሃርበር ላይ መረብ ጥለው እነዚህን አሳዎች እያወጡ ጉበታቸውን ሲያዩ፣ ከሚያዙት ውስጥ እስከ 80 በመቶ የሚደርሱት ጉበታቸው የተጎዳ ሆኖ ተገኘ፣ ዕጢ ያወጣም ነበረበት። 80 በመቶ ማለት'ኮ ከአስሩ ስምንት ነው፣ ደህናውን መፈለግ ነው የሚያቅተው። በዛን ጊዜ ፌሪው ከሚያቋርጠው ባህር፣ ከመላው ፒውጀት ሳውንድና ከአሜሪካ የፓሲፊክ ዳርቻ በዚህ ነገር ከፊት ከተሰለፉት ቦታዎች አንዱ ይሄ ፌሪው የሚያቆምበት ቆንጆ ወደብ ነበር። 1987 ላይ ሱፐርፈንድ ዝርዝር ውስጥ ገባ፣ የአገሪቱ እጅግ የተበከሉ ቦታዎች መዝገብ ማለት ነው።

እማዬ እዚህ ጋ አቋረጠችው። «ሬንጁ እንዴት አድርጎ ነው ካንሰር የሚሆነው» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ባላውቀው ዝም ብዬ ነበር። ልጁ ፒኤኤች ምናምን እያለ በእንግሊዝኛ ተወሳሰበ፣ እኔ ደግሞ የገባኝን ያህል በሷ ቋንቋ ላስረዳት ሞከርኩ፣ እና አባቷ ደብተራ ስለነበሩ ብራና ሲጻፍ እያየች ነው ያደገችው፣ በዛ በኩል ገባሁ።

ክሪዮሶት ውስጥ ያለው መርዝ ፒኤኤች የሚባል የኬሚካል ዘር ነው፣ ሲጋራ ጭስ ውስጥም አለ፣ ያረረ ጥብስ ላይም አለ። አሳዋ ስትውጠው ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ቅባት ነገር ስለሆነ ዝም ብሎ አይወጣም። ጉበቷ ሊያስወጣው ይፈልጋል፣ ስለዚህ የራሱን ሠራተኞች ይጠራል፣ ሳይፕ ዋን ኤ የሚባል ኢንዛይም ዋናው ነው፣ እነሱ መርዙን ትንሽ ቀየር አድርገው ውሃ ውስጥ እንዲሟሟ ያደርጉትና በሐሞት በኩል ይሸኙታል። ነገር ግን መሃል ላይ፣ መርዙ ተቀይሮ ሳያልቅ፣ ለአፍታ የሚፈጠር አንድ ነገር አለ፣ እሱ ቁጡ ነው፣ ያገኘው ላይ ይጣበቃል። ዲኤንኤ ላይም ይጣበቃል። ማለት መጀመሪያ የገባው ነገር ከዚህ ሁሉ ጣጣ በፊት ይሄን ያህል ጉልበት አልነበረውም፣ ጉበቷ ላጽዳ ስትል ነው ጥርስ ያበቀለችለት። እማዬ «እኩላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች በለኛ» አለች። በቃ እሱ ነው።

መጣበቁን ደግሞ እንዲህ አስቢው አልኳት። ጸሐፊው በማታ ዳዊት ሲገለብጥ ከጧፉ አንድ ጠብታ ሰም ብራናው ላይ ወደቀች። «ሰ» የምትለዋ ፊደል አናት ላይ ብትወድቅ አናቷ ይሸፈንና «ለ» ትመስላለች። ከሱ የሚገለብጠው ተማሪ «ሰማ» የነበረውን «ለማ» ብሎ ይጽፋል። ከሱ የሚገለብጠውም «ለማ»። ሰሙ ራሱ ስህተት አይደለም፣ ቶሎ በቢላ ጫፍ ፋቅ ቢያደርጉት ፊደሏ ከስር ደህና ናት። ሴሉም እንደዛ የሚፍቅ የራሱ ጥገና አለው። ግን ሰሙ በየቀኑ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሳይፋቅ የሚገለበጥ ገጽ ይበዛል፣ አንዱ ቀን ደግሞ ስህተቱ «እዚህ ጋ አቁም» የሚለው ቃል ላይ ይውላል፣ ከዛ ወዲያ ሴሉ ማቆም አያውቅም፣ ዕጢ ማለት እሱ ነው። ልጁ ሰማና «አጎቴ፣ ፕሮፌሰሬ እንደዚህ ቢያስረዳኝ ኖሮ» አለ። ለራሴ እዚህ ጋ አምስት ኮከብ ሰጥቻለሁ ሃሃ።

እማዬ ወዲያው «ለልጆቿም ታወርሳለች?» አለች። ልጁ አይ እማማ አለ፣ ጉበት ላይ ያለ ስህተት እዛው ጉበት ላይ ይቀራል፣ ለልጅ የሚሄደው እንቁላሉ ውስጥ ያለው ነው። ግን ሌላ ነገር አለ አለ፣ ከእንደዚህ አይነት ጭቃ የመጡ ሴት አሳዎች ወቅቱ ሲደርስ እንቁላል ማዘጋጀት የሚያቅታቸው በዝተው ተገኝተዋል። ዘር ላይ ሌላ በር አለ ማለት ነው። እማዬ ከንፈሯን መጠጠች፣ «መካንም አደረጓት» አለች።

እና እኔን የገረመኝ እንዴት እንደሚያዩት ነው። አሳዋን አርደህ ሥጋዋን ብትመረምር ፒኤኤች ብዙም አታገኝም፣ ጉበቷ እየሰባበረ ስለሚያስወጣው። ስለዚህ ሐሞቷን ነው የሚያዩት፣ ሐሞቱ ውስጥ ያለው የመርዝ ስብርባሪ ብርሃን ሲያርፍበት ያበራል። ግን ሐሞት የሚናገረው የሰሞኑን ብቻ ነው። የከረመውን የሚናገረው ዲኤንኤው ነው፣ የተጣበቀው ነገር እነዚህ አሳዎች ላይ ቶሎ አይለቅም፣ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ልጁ ከሌክቸር ስላይድ ያነሳውን ፎቶ አሳየን፣ ዲኤንኤውን ቆራርጠው ራዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ ለጥፈውበት ፊልም ላይ ሲያነሱት ከንጹህ ቦታ የመጣችው አሳ ፊልም ባዶ ማለት ይቻላል፣ ከተበከለ ቦታ የመጣችው ግን ከታች ወደ ላይ በሰያፍ የሄደ ጥቁር ጥላሸት፣ ልክ የከሰል ጣት የተጎተተበት ግድግዳ። እሱን ፎቶ ካየሁ በኋላ ውሃው አረንጓዴ ነው ምናምን ማለት ትቻለሁ።

ደግሞ «እንዴት ከሬንጁ መሆኑን አወቁ፣ አሳስ በራሷ አትታመምም ወይ» ብዬ ስከራከረው መልሱ ተዘጋጅቷል። ከኢግል ሃርበር ጭቃ ውስጥ ያለውን ነገር ጨምቀው አውጥተው ላቦራቶሪ ውስጥ ያሉ ጤነኛ ኢንግሊሽ ሶሎችን በመርፌ ወጉ፣ ጉበታቸው ላይ የካንሰር መንገድ ጠራጊ የሆኑ ቁስሎች መጡ። እዛው የምትኖር ስታሪ ፍላውንደር የምትባል ሌላ ጠፍጣፋ አሳ ደግሞ አለች፣ በተመሳሳይ ጭቃ ላይ ተኝታ ዕጢው በጣም ያነሰባት፣ ዲኤንኤዋ ላይ የሚጣበቀውም አነስተኛ። የጉበቷ አሠራር ይለያል። አንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤት ሆነው አንዱን ብቻ በሽታው የሚመርጠው እንደዚህ ነው።

አሁን ጥሩው ዜና፣ እማዬ እስካሁን የምታወራው። ጭቃውን አላወጡትም። ማውጣት መቀስቀስ ነው። 1993 እና 1994 ላይ ከስኖሆሚሽ ወንዝ የተጠረገ ንጹህ አሸዋ እያመጡ በጣም የተበከለውን 54 ኤከር የባህር ወለል አለበሱት፣ ሠላሳ የኳስ ሜዳ አካባቢ አስቡት፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር ገደማ። ከ2000 እስከ 2002 ደግሞ ሌላ 15 ኤከር ጨመሩ። ከዛ ዝም ብለው አልሄዱም፣ በየጊዜው እየመጡ አሳ እያወጡ ጉበት ማየት ቀጠሉ፣ አሸዋው ከለበሰ በኋላ 128 ወር ሙሉ፣ እስከ 2004 በፈረንጅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፣ የሚቸኩል ሰው ቢሆን «አልሠራም» ብሎ ዘግቶ ይሄድ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ሐሞቱም፣ ዲኤንኤው ላይ የተጣበቀውም፣ የጉበት ቁስሉም አብረው መውረድ ጀመሩ። አሸዋው ሲጀመር የነበረውን የቁስል ዕድል አንድ ብንለው ከአራት ዓመት በኋላ ከ0.20 በታች ወርዶ እዛው ቀረ። ጥናቱ 2008 ላይ ነው የታተመው። ጥናት አንብቤ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ እሱን ማታ ቤት ገብቼ ካነበብኩ በኋላ ግን ደስ አለኝ።

እዚህ ጋ ግን ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም፣ ሁሉም አለቀ አልላችሁም። ቀበሩት እንጂ አላጠፉትም። መሬቱ ስር አሁንም ክሪዮሶት አለ፣ ኢፒኤ፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ሲሚንቶ ከአፈሩ ጋር እያቦካ እዛው ሊያደርቀው ነው ዕቅዱ። ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዓመቱ ነው፣ ቁጠሩት። አንድ ትውልድ እንጨት ነክሮ ሸጠ፣ ሁለት ትውልድ ያጸዳል።

ከፌሪው ወርደን ቦታውን ቀርበን እንየው አልን፣ ይሄ የኔ ስህተት ነው። ከተርሚናሉ ፊት ለፊት ይታያል፣ በውሃ ድንጋይ ብትወረውር የምትመታው ይመስላል፣ በመኪና ግን ወደቡን ዞሮ አራት ማይል ገደማ ነው። ታክሲ ጠራን (የማን እንደሆነ ይቅር)፣ «አምስት ደቂቃ» ብሎ አርባ ደቂቃ አስጠበቀን፣ ሲመጣም ሳቅ ብሎ «አይላንድ ታይም» አለን። ስጠብቅ የገባሁበት አንድ ካፌ ደግሞ ማኪያቶ ብዬ አዝዤ የወተት ባልዲ አቀረበልኝ፣ ሰባት ዶላር። ከአምስት አንድ፣ አንዱም ለሽንት ቤቱ ንጽህና ነው። ስማቸውን አልጠራም፣ ግን ሳይክል መከራየት ወይ በመኪና መግባት ይሻላል፣ ወይ ደግሞ እንደኔ ሞኝ ካልሆናችሁ ከመርከቡ ላይ አይታችሁ መመለስ።

ፓርኩ ፕሪቻርድ ፓርክ ነው የሚባለው። ገና ሳትገቡ አንድ ከእንጨት የተሠራ ረዥም ግድግዳ አለ፣ እዛ ጋ ቁሙ። 1942 መጋቢት 30 በፈረንጅ የደሴቲቱ ጃፓናውያን አሜሪካኖች፣ 227 ሰዎች፣ በወታደር ታጅበው ከዚሁ ቦታ ነው በፌሪ የተጫኑት፣ ጥፋታቸው ጃፓኖች መሆናቸው ብቻ ነበር። ኒዶቶ ናይ ዮኒ ይላል፣ ዳግም አይሁን ማለት ነው። እማዬ ስሞቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ሄደች፣ ማንበብ አትችልም ፈረንጅኛውን፣ ዝም ብላ ነካቻቸው። የእንጨት ፋብሪካው ያን ጊዜ አጠገቡ ይሠራ ነበር። ተጭነው ሲሄዱም ሽታው አብሯቸው የነበረ ይመስለኛል።

የባህር ዳሩ ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ሲያትል ከሩቅ ፊት ለፊት ትታያለች፣ ህጻናት አሸዋ ይቆፍራሉ፣ ውሻ ይሮጣል። አንድ ጥግ ላይ ግን አሮጌ ምሰሶ አለ፣ ፀሐይ ሲመታው እማዬ አፍንጫዋን ወደዛ አድርጋ «የመብራት እንጨት ሸተተኝ» አለች። ወጣትነቷን ካሳለፈችበት ሰፈር የተተከለው ጥቁሩ ፖል። እሱ ሽታ ነው አልኳት፣ ይሄው ነው ስንቱን ነገር ስናወራ የዋልነው። ዛጎል እንዳትለቅሙ የሚል ምልክትም አለ፣ ልብ በሉ፣ አሳ መርዙን ሰባብሮ ያስወጣል፣ ክላምና መሰል ግን ያን ጉበት ስለሌላቸው ያጠራቅሙታል። ስለዚህ ለሚበላው ሰው ክፉዋ ክላሟ ናት፣ ለራሷ ክፉ ያጋጠማት ደግሞ አሳዋ ናት።

አሁን ኑዛዜ ልናዘዝ። ሲያትል በመጣሁ ሰሞን ታክሲ ስነዳ ከጓደኞቼ ጋር ማታ ማታ ፒር ላይ ዘንግ እንጥል ነበር፣ ኤሊየት ቤይ። ሳልመን አይመጣም ለእንደኛ አይነቱ፣ የሚመጣው ጠፍጣፋዋ ናት። በቃሪያና በሎሚ ጠብሰን ስንት በልተናል። ጉበቷን አንድም ቀን አላየሁም፣ ሆድ ዕቃውን ለጉል፣ ለባህር ወፉ፣ እንወረውራለን። ዘንድሮ ልጁ «አጎቴ፣ የት የት ነበር የምታጠምደው» ብሎ ሲጠይቀኝ ዱዋሚሽ ወንዝ አፍ ላይ ያለውንም ጠቀስኩለትና ፊቱ ተለወጠ። ዱዋሚሽ ከ2001 ጀምሮ ሱፐርፈንድ ነው፣ ቱክዊላና ሳውዝ ፓርክ ያላችሁ በየቀኑ የምትሻገሩት ወንዝ፣ እዛ ያለው ዋናው መርዝ ደግሞ ፒሲቢ የሚባል ሌላ ኬሚካል ነው፣ እሱ እንደ ፒኤኤች ተሰባብሮ አይወጣም፣ ሥጋው ውስጥ ይቀመጣል። የጤና ቢሮው የሚለው አጭር ነው፣ ከዛ ወንዝ ሳልመን ብቻ ብሉ፣ ሳልመን አብዛኛውን ዕድሜዋን ውቅያኖስ ላይ አሳልፋ በወንዙ አልፋ ሂያጅ ስለሆነች፣ ነዋሪውን ግን፣ ጠፍጣፋውንም ሸርጣኑንም ዛጎሉንም፣ ተዉት። እሁድ እሁድ እዛ ዘንግ ይዛችሁ የማያችሁ የአገሬ ልጆች፣ ይሄን ሪቪው ለናንተ ብዬ ነው ያስረዘምኩት።

ከዛ ወዲህ አሳ ሱቅ ስገባ ከየት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ ጋ፣ ስሙ ይቅር፣ «ይቺ ሶል ከየት ነች» ስለው ልጁ አይቶ አይቶኝ «ከባህር» አለኝ። ዞሬ ወጣሁ።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ስንመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፣ የጾሟ ሰዓት አልፎ ነበርና እማዬ መርከቡ ላይ ሽሮ ፍርፍሯን ፈታች፣ ሽታው አካባቢውን ሞላው፣ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ምንድነው ብላ መጥታ ጎርሳ ሄደች። ጉሎቹ ለቆሎው ሊያብዱ ነበር፣ አትስጧቸው ይላል ምልክቱ፣ እማዬ ማንበብ አልችልም ብላ ሰጠች። መርከቡ ከወደቡ ሲወጣ ያ ራሰ በራ መሬት በቀኛችን አለፈ፣ እማዬ ብቻዋን ሄዳ የመርከቡን መደገፊያ ብረት ይዛ ወደ ታች ወደ ውሃው ታያለች። የሚታይ ነገር የለም'ኮ እማዬ ስላት «ከስር ተኝታ የለ» አለችኝ።

ፌሪው አምስት ከአምስት። ዋጋው፣ ንጽህናው፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም። ታክሲውና ማኪያቶው ከፌሪው ሒሳብ አይቆረጡም። ከመሄዳችሁ በፊት አፑ ላይ ሰዓቱን እዩ፣ ጃኬት ያዙ፣ ሲሄዱ በግራ ሲመለሱ በቀኝ ቁሙ።

ማታ ቤት እንደገባን አዲስ አበባ እህቷ ጋ ደወለች። ስለ መርከቡ ትነግራታለች ብዬ ስጠብቅ «አንቺ፣ እዚህ አገር አሳ ጉበቱን ካንሰር ይዞት፣ አሸዋ አልብሰው አዳኑት» ብላ ጀመረች፣ ሰሙን፣ ብራናውን፣ ሁሉንም አስረዳቻት፣ አሥር ደቂቃ። አክስቴ ከወዲያ ዝም ብላ ሰምታ ሰምታ ስፒከር ላይ ስለነበረ ሁላችንም ሰማናት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በፍልሰታ አሳ በላሽ እንዴ?»